የለብኝም ያልኩበት ቀን

አምና በፍልሰታ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እያለሁ ወደቅኩ። ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን መውደቄ አይደለም፣ በጾም ሰው ይደክማል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲወድቅ ሁላችንም አይተናል፣ ደግፈው ያስቀምጡታል በነጠላ ያራግቡለታል ይነሳል። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ከወደቅኩ በኋላ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሁለት ኪኒን ዋጥኩ፣ አንዱ ሜትፎርሚን አንዱ ግሊቤንክላማይድ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ። ምግብ አልቀመስኩም። ኪኒን ምግብ አይደለም፣ ጾም አይሽርም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ከዛ በፊት በነበረው ቀንም ከ10 ሰዓት በኋላ ከበላኋት ትንሽ ሽሮ ውጪ ሆዴ ውስጥ ምንም አልገባም። ቅዳሴው ተጀምሮ ወደ 8 ሰዓት ሲጠጋ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፣ የሚሞቅ ላብ አይደለም፣ ቀዝቃዛ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የያዝኩት መጽሐፈ ቅዳሴ ላይ ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። እኔ ደሞ እንደ በረከት ነው የቆጠርኩት፣ ዛሬ ከልቤ ጾምኩ፣ ዛሬ እውነተኛ ድካም ደከምኩ ብዬ ደስ አለኝ። እግሬ ሲከዳኝ አላስታውስም።

ስነቃ አንዲት ልጅ እግር ሴት አጠገቤ ተንበርክካ ግንባሬን ትዳስሳለች። ነርስ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅኩት። ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ "እትዬ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?" አለችኝ።

"የለብኝም" አልኳት።

ቃሉ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ደንዝዤ፣ ማን የት እንደቆመ ሳላውቅ፣ እሱን ግን አጥርቼ ተናገርኩ። ልጅቷ አላመነችኝም። "የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?" "የለም"። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችና ቦርሳዬን ከፍታ ኪኒኖቹን አወጣቻቸው፣ ከጥበቃዎቹ ክፍል ስኳር በውሃ አስበጥብጣ አጠጣችኝ። እዛው ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስደው ጣቴን ሲወጉኝ ያን ሁሉ ስኳር ጠጥቼም 61 ነበር። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ነው የሚባለው። ከመጠጣቴ በፊት ስንት እንደነበረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ልጅቷ ክሊኒኩ ድረስ አብራኝ መጥታ ነበርና ቀስ ብላ አስረዳችኝ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ብዙም እንደዚህ አያደርግም፣ ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ አውጣ እያለ የሚገፋ መድኃኒት ነው፣ ሰውየው ይብላ አይብላ አያይም። አንቺ ጾመሽ ብትውይም መድኃኒቱ አይጾምም ማለት ነው። ሐኪሙም ሲያዝልኝ "ከምግብ ጋር" ብሎኝ ነበር እኮ፣ ፋርማሲስቷም ካርቶኑ ላይ ጽፋልኛለች። ሰምቼ ነው ያለፍኩት።

ለምን ዋሸሁ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ያኔ 14 ወር ሆኖኝ ነበር። ሳልበላ የተለካሁት 212፣ 126 ወይም ከዛ በላይ ሁለቴ ከተገኘ ስኳር ነው ይላሉ፣ የእኔ የሚያጠራጥር አልነበረም፣ HbA1c የሚሉት የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ደሞ 9.2 በመቶ። ሐኪሙ ጋ ብቻዬን ገብቼ ብቻዬን ወጣሁ። ለባለቤቴ የደም ማነስ ኪኒን ነው አልኩት፣ አመነኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ጋማ በጭራሽ የማይታሰብ ነው።

እኔ በማኅበራችን ውስጥ የምታወቀው በጾሜ ነው። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ሳልሸራርፍ፣ ሰሙነ ሕማማትን በጥሬና በውሃ፣ ረቡዕና ዓርብን ሥራ ቦታም ብሆን እስከ 9 ሰዓት። የወለድኩ ጊዜ እንኳን ቶሎ ካልጾምኩ ብዬ ቤተሰብ ያስቸገርኩ ሴት ነኝ። "እሷ እኮ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ከጾሙ ይልቅ ያቺ ወሬ ነበረች የምታጠግበኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ እኔ ግን መድኃኒቱን አግኝቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው፣ በሽታውን ደበቅኩ። ካወቁ አትጹሚ ይሉኛል፣ ካልጾምኩ ደሞ ማን ነኝ? ፍርሃቴ ይሄ ነው ሌላ አይደለም።

መቅደሱ ፊት ለፊት ወድቄ፣ ካህኑ እያመሰገነ፣ ሕይወቴን ልታተርፍ የጠየቀችኝን ልጅ መዋሸቴ ግን አስደነገጠኝ። ለመዋሸት ሳላስብ ነው የዋሸሁት፣ ውሸቱ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ቤት ገብቼ ተኝቼ ኮርኒሱን እያየሁ የማስበው እሱን ብቻ ነበር። በዚህ ውሸት ነው እንግዴ ስጾም የከረምኩት?

ሳልጠብቀው የተሰጠኝ ቀኖና

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ይዤ የሄድኩት ኃጢአት ክሊኒክ ውስጥ ዳቦና ሻይ ሰጥተውኝ ከሰዓቱ በፊት መብላቴን ነበር፣ ጾም ሻርኩ ብዬ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ሌላስ?" አሉኝ። ሌላ የለም አልኩ። ደግመው ዝም አሉ። ከዛ በቃ እንባዬ መጣና ሁሉንም አወራሁት፣ 14 ወሩን፣ ለባለቤቴ ያልኩትን፣ "የለብኝም" ያልኩትን።

"ሐኪሙ እንዴት ውሰጂው ብሎሽ ነበር?" አሉኝ።

"ከምግብ ጋር አባታችን።"

"እኔንስ ጠይቀሽኝ ነበር?"

"አልጠየቅኩም።"

"ለምን?"

መልስ አጣሁ። እሳቸው ራሳቸው መለሱልኝ፣ "ብዪ እንዳልልሽ ፈርተሽ ነው። ልጄ፣ ጾሙ ለእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ ትጠይቂኝ ነበር።"

ይቺ አባባል ገብታ ቁጭ አለች። እውነታቸውን ነው፣ የቤተክርስቲያን ሥርዓት ለሕመምተኛ መንገድ አልዘጋም፣ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ራሱ ጾምን ሲደነግግ የታመመን ሰው ለይቶ ያየዋል። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጠይቄ ተፈቅዶልኝ መብላት ከመራብ በላይ የሚከብደኝ ሰው ነበርኩ።

ከዛ ስለ ኤልያስ አወሩኝ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታው ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰድ ባለበት ሰዓት መልአኩ መጥቶ ጸልይ አላለውም፣ ጹም አላለውም፣ ተነሥተህ ብላ ነው ያለው። አጠገቡም እንጎቻና ውሃ ነበር። በልቶ ተኛ፣ መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰው፣ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። "በዚያ ምግብ ኃይል ነው አርባ ቀን አርባ ሌሊት የሄደው፣ መጀመሪያ ግን በላ" አሉኝ።

እኔ የጠበቅኩት ስግደት ነበር፣ መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ ቢበዛልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሰጡኝ ቀኖና ግን እንዲህ ነው፤ ከቀረው ፍልሰታ ጀምሮ ጠዋት በሰዓቱ ቁርስ እበላለሁ፣ የጾም ምግብ፣ ከመድኃኒቴ ጋር። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ማታ ማታ እግሬን አጥቤ የጣቶቼን መሀል አያለሁ፣ ቁስል እንዳለ። ለባለቤቴና ለእናቴ እነግራለሁ። የመቁረቡን ጉዳይ ለብቻው ነው ያወራነው፣ እሱን እዚህ አላወጣውም፣ የእያንዳንዱ ሰው ከሐኪሙና ከአባቱ ጋር የሚጨርሰው ነው።

"ይሄ ቀኖና ነው?" አልኳቸው፣ ገርሞኝ።

"ሞክሪው" አሉኝ።

ቁርስ

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሶ በውሃ በጥብጬ፣ ስኳር የሌለው፣ ከፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ ያህል አየሁት። ከመስኮቱ ውጪ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ማርያም ይሄዳሉ። ጎረቤቴ ብትገባና ብታየኝስ? በሩን ቆልፌ ነበር። ከዛ ተነስቼ ቁልፉን ከፈትኩት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ በስመ አብ ብዬ ጠጣሁት፣ እንባዬ እየወረደ። በሕይወቴ እንደዛ ቀን የከበደኝ ጾም የለም፣ እውነቴን ነው። ለካ ረሃቡን ለምጄዋለሁ፣ ያልለመድኩት መታዘዙን ነው።

የዛን ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ፍልሰታ ራሱ ሳስብ አንድ ነገር በራልኝ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አልደግመውም። ግን ሐዋርያት ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባኤ የጾሙት ለምን ነበር? ለሥጋ እኮ ነው። የእመቤታችን ሥጋ የት እንዳለ ለማየት፣ አግኝተው በክብር ለመቅበር፣ በ14 ተሰጣቸው፣ በ16 ተነሥታ ዐረገች። ነፍሷስ ጥር 21 ተለይታ ነበር፣ እነሱ ግን ነፍሷ ከልጇ ጋር ናት ይበቃናል ብለው አልተቀመጡም፣ ሥጋዋን ፈለጉ። እኔ ደሞ በዚህ ጾም ውስጥ፣ ስለ ሥጋ ክብር በሚጾም ጾም ውስጥ ቆሜ፣ የራሴን ሥጋ እንደ ጠላት ስገርፍ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩት ጾም ስሙ ምን እንደሚል አልሰማሁትም ማለት ነው።

የገድል መጻሕፍትን አብዝተን እናነባለን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው መቆማቸውን ስንሰማ ሥጋ ማለት የሚሰበር ነገር ነው ብለን እንወጣለን። እነሱ የጸጋ ሰዎች ናቸው፣ ከፍታቸው አይለካም፣ እኔ የምለው ስለ ራሴ ነው። ጳውሎስ ሥጋዬን እየጎሰምኩ አስገዛዋለሁ ያለበትን ጥቅስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለጢሞቴዎስ ደሞ ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ፣ ውሃ ብቻ አትጠጣ ያለው ራሱ ጳውሎስ ነው፣ እሱን ግን አንድም ቀን ለራሴ አድርጌ አንብቤው አላውቅም። አብሮት ይጓዝ የነበረው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ሲራክ 38 ላይ ሐኪምን አክብር ይላል፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፣ መጽሐፉ የራሳችን ነው እኮ፣ ከሌላ ቦታ አልመጣም።

የጸበሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ሱባኤ የገቡ እናቶች ኪኒናቸውን ቤት ትተው ሲመጡ አይቻለሁ፣ "እምነት ካለኝ ምን ያደርግልኛል" እያሉ። በ1999 ዓ.ም. ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው በይፋ ሲናገሩ ስንት ሰው እንደዳነ አስቡት፣ ያኔ እንጦጦ ጸበል ቦታ መድኃኒቱን አቁሞ የሚጠባበቅ ሰው ብዙ ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ላይ ግን አሁንም እንደዛው ነን፣ ምናልባት ቀስ ብለው ስለሚገድሉ ይሆናል። ደሞ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ፕሮቴስታንት የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ተጸልዮላት ፈውሴን ተቀብያለሁ ብላ የግፊት ኪኒኗን አቁማ ቢሮ ውስጥ አፍንጫዋ ደምቶ 190 ተለክታለች። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ስንነጋገር ታሪካችን አንድ ነው የሆነብን፣ እምነት ማሳያ አድርገን የያዝነው ኪኒን ያለመዋጥን ነው።

የጾም ነው ማለት

ሌላው ዘግይቶ የገባኝ ማዕዴ ነው። ጾም ለጤና ጥሩ ነው እንላለን፣ ልክ ነው ሊሆንም ይችላል፣ ጎመኑ ምስሩ ተልባው ሱፉ የማን አገር ሰው ያገኘዋል። እኔ ስበላ የነበረው ግን ምንድን ነው? 9 ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ ዳቦ፣ ከላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ማታ ፓስታ ወይ ድንች በእንጀራ፣ በላዩ ላይ የጾም ኬክ። ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ ንጹሕ መስሎኝ። ዘይቱስ፣ ጨውስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፣ እኔ ለአንድ ድስት ሽሮ የምጨምረውን አይቼ ደነገጥኩ። ጾሙ ሲፈታ ደሞ ያው ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮው፣ ጠዋት ክትፎው፣ የሁለት ወር ረሃብ በሁለት ቀን ካልተካካሰ የምንል ይመስል።

አሁን እንጀራዬ ግማሽ ነው፣ ጎመኑና ምስሩ ግን ሙሉ። ሻዩን ያለ ስኳር ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የእግር ጉዞው መጀመሪያ ላይ ሞት ነበር፣ ጉልበቴ ይጮሃል፣ ከሰፈራችን ታክሲ መያዣ እስከ ቤተክርስቲያን ያለውን መንገድ በአስራ አምስት ደቂቃ ነው ሰው የሚሄደው፣ እኔን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፣ በራሴ እግር ያየሁት ግን አምና ነው። ውዳሴ ማርያሜን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ እጨርሳለሁ፣ ሲያልቅ ደርሻለሁ። የካቲት ላይ የሦስት ወሩ አማካይ 7.1 ሆነ፣ ሐኪሙም ግሊቤንክላማይዱን አስቁሞኝ በሜትፎርሚን ብቻ ነው ያለሁት። ለኔ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል፣ ኪኒን በራሳችሁ አትቀይሩ፣ ጠይቁ።

ባለቤቴ ስነግረው አልተቆጣም፣ ያዘነው ስላልነገርኩት ነው። ብዙ ቀን ዝም አለኝ። እሱን ዝምታ አሁንም እየከፈልኩት ነው።

እማዬ

የቀኖናዬ ከባዱ ክፍል እማዬ ነበረች። ደብረ ብርሃን ነው ያለችው፣ ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆኗታል፣ የግራ እግሯ ላይ ሁለት ጣት በቁስል ምክንያት ተቆርጧል። ጾምን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ልጅ ሆኜ እሷ ስትጾም እኔ ከሊጡ መጨረሻ የምትጋገረውን እንጎቻ እበላ ነበር፣ "አንቺ ገና ነሽ ብዪ" እያለች በእጄ ታስይዘኝ ነበር። አባታችን የኤልያስን እንጎቻ ሲያነሱ አንጀቴን የበላኝ ለዚህ ነው።

ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ አልተነፈሰችም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። "እና ቁርስ ምን ትበያለሽ?" አለችኝ። በሶ አልኳት። "በሶ ብቻ አይበቃም" አለችና እንዴት ሽምብራ ቆልቼ እንደምይዝ ታስረዳኝ ጀመር። የእኔ መብላት ምንም አልከበዳትም። እኔ ስጠይቃት ግን አወጣችው፣ በጾም ወራት ሁሉ ኪኒኗን እስከ 9 ሰዓት እንደምታቆየው፣ አንዳንዴም እንደምትተወው። "እኔ አርጅቻለሁ፣ አንቺ ልጅ ነሽ" አለችኝ። ከእኔ ጋር ተመሳሳይ በሽታ፣ ተመሳሳይ ኪኒን፣ እና ለእኔ የተፈቀደው ለእሷ እንዳልተፈቀደ አድርጋ ይዛዋለች። የተቆረጡት ጣቶቿ ትዝ አሉኝና ድምፄ ተቆረጠ።

ዓመቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። የራሷን የንስሐ አባት እንድታናግር ለመንኳት፣ በዐቢይ ጾም ሄጄ ይዣት ልሄድ ስል እምቢ አለች። ሐምሌ ላይ ብቻዋን ሄዳለች፣ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ ፍልሰታ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ይጮሃል፣ እማዬ ናት። "በላሽ?" ትለኛለች። በላሁ እላታለሁ። "አንቺስ?" ስላት ከትናንት ወዲያ ስለ ዝናቡ አወራችኝ፣ ትናንት ስለ ጎረቤቷ ላም። ዛሬ ትንሽ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ግማሽ እንጎቻ" አለችኝ።